ወደ ግራ የዞረው ዳለቻ በግ

ኅዳር 13 ቀን፣ ከጧቱ አራት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ። ከአምባ ጊዮርጊስ በላይ ባለ አንድ የገበሬ ማኅበር ሜዳ ላይ፣ ለክብር እንግዳ በስጦታ የቀረበ ዳለቻ በግ ከመድረኩ ፊት ለፊት ሰባት ጊዜ ወደ ግራ ዞረ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ የበጉ ባለቤት ታሰረ።

ዙሩን የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ደብተሬ ላይ ሰባት ሰረዝ አለ። ስድስቱ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ሰባተኛው ተጣሟል። ሳቄን ለመዋጥ ከንፈሬን ነክሼ ስለነበር እጄ ተንቀጥቅጧል።

ዘመኑ የደርግ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ የሰዎቹንም ስም ለውጫለሁ። ልጆችና የልጅ ልጆች አሏቸው። የበጉን ቀለም ግን አልለወጥኩም።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ጎንደር ፒያሳ፣ ጣሊያን ሠርቶት በሄደ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ በነበረ የዜና ቢሮ በሪፖርተርነት ከተቀጠርኩ ዓመት አልሞላኝም። አባቴ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበር። ሌሎች ልጆች እሑድ ከሰዓት በኋላ አያቶቻቸውን ሊጠይቁ ሲሄዱ፣ እኔ «ነይ፣ የኮሶ እንቁላል ላሳይሽ» ተብዬ በማይክሮስኮፕ ፊት በርጩማ ላይ እቆም ነበር። ስለዚህ ትል አያስደነግጠኝም። አባቴ አንድ ሕግ ነበረው፦ «ያየሽውን ጻፊ፤ የመሰለሽን ለራስሽ ያዢ።» ያወጣው ለላቦራቶሪ ነው። እኔ ለጋዜጠኝነት ወሰድኩት፤ ወሰድኩት ስል፣ እስከዚያ ቀን ድረስ የወሰድኩት መስሎኝ ነበር።

ወደዚያ ሜዳ የሄድነው ማንበብና መጻፍ የተማሩ ገበሬዎች የምስክር ወረቀት የሚቀበሉበትን በዓል ለመዘገብ ነው። የክብር እንግዳው ጓድ ፈለቀ የሚባል ካድሬ ነበር፤ በእሱ ላንድሮቨር ነው የመጣሁት። ዕድሜው ከእኔ ቢበልጥ በአምስት ዓመት ነው። ካኪው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ደረት ኪሱ ላይ ብዕር የማይጠፋ። ጨካኝ አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። ከወር በፊት በሌላ ቀበሌ ንግግር ሲያደርግ ሰው ስለሳቀ አለቆቹ ፊት ቆሞ ግለ ሒስ እንዲያደርግ ተገዶ ነበር። መንገዱን ሙሉ «ዛሬ ሕዝቡ ረጋ ያለ ነው፣ አይደል?» እያለ ሾፌሩን ይጠይቅ ነበር። ሾፌሩም «ሲበዛ ረጋ ያለ ነው ጓድ» ይለው ነበር።

በዚያ አገር እንግዳ ባዶ እጁን አይሸኝም። ማኅበሩ በግ የሚያቀርበውን ሰው በዕጣ ሲመርጥ ዕጣው አያ ማረው ለሚባሉ ሽማግሌ ወጣ። በጉም መጣ፤ ዳለቻ፣ ቁመተ ረጅም፣ ቀንዱ የተጠማዘዘ። ገመዱን የያዘው የማኅበሩ አብዮት ጥበቃ አየልኝ ነበር።

ጓድ ፈለቀ ንግግሩን አጋለ። «አብዮታችን ወደፊት ብቻ ነው የሚጓዘው! ወደኋላ መመለስ የለም! በአንድ ቦታ መሽከርከርም የለም!»

ሰው አጨበጨበ። አየልኝም ሊያጨበጭብ ገመዱን ለቀቀ፤ ለማጨብጨብ ሁለት እጅ ያስፈልጋል።

በጉ ሁለት እርምጃ ወደፊት ሄደ። ቆመ። አንገቱን ወደ ግራ ሰበር አደረገና መዞር ጀመረ። አይሮጥም፣ አይደናገጥም፤ ወፍጮ እንደሚዞር ረጋ ብሎ። አንድ። ሁለት። በሦስተኛው አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። በአራተኛው ነጠላው አልበቃትም። በአምስተኛው ሜዳው በሙሉ ይስቅ ነበር። ገና መመረቃቸው ሆኖ የምስክር ወረቀት የያዙት ሽማግሌዎች ወረቀታቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጓድ ፈለቀ እስከ ሰባተኛው ዙር ጠበቀ። ከዚያ በቀጭን ድምፅ «ይሄ በግ የማነው?» አለ።

ሳቁ ቀጥ አለ። አያ ማረው ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሱ።

«የእኔ ነው ጌታዬ። ማለቴ፣ ጓድ።»

«ምንድነው ያጠጣኸው?»

አያ ማረው አሰቡ። «ውኃ» አሉ።

ሜዳው እንደገና ፈነዳ፤ ነገሩን ያበላሸውም ይኸው ሁለተኛው ሳቅ ነው። ጓድ ፈለቀ ፊቱ አመድ መሰለ። በጉ መድኃኒት ተሰጥቶት በአብዮቱ እንዲያላግጥ ተደርጓል ብሎ ፈረደ። አየልኝ አያ ማረውን ወደ ማኅበሩ የእህል መጋዘን ይዟቸው ሄደ። መኪናው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ጎንደር ሲመለስ አብረው ይሄዳሉ ተባለ። በዚያ ዘመን ወደ ጎንደር በመንግሥት መኪና መሄድ ቀላል ነበር፤ የሚከብደው መመለሱ ነው። ይህን ሁሉም ያውቅ ስለነበር ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

«አንቺ ጻፊ» አለኝ ጓድ ፈለቀ። «የአድኃሪያን አሻጥር፣ ብለሽ ጀምሪ።»

እዚህ ላይ መዋሸት አልፈልግም። ጻፍኩት። «አሻጥር» የሚለው ቃል ከሰባቱ ሰረዞች ሥር በእኔ እጅ ጽሕፈት ዛሬም አለ።

የዚያን ጊዜ ነው ከኋላ በኩል አንድ ሰው ገብስ ቆሎ እያላመጠ ወደ መድረኩ የቀረበው። ዘውዱ ይባላል፤ ከወረዳው የመጣ የእንስሳት ጤና ረዳት ነው። በቦርሳው ክኒንና መርፌ ይዞ ለበጎች መድኃኒት ለመስጠት ከሁለት ቀን በፊት እዚያ ገብቶ ነበር። ቀጭን፣ ቅንድበ ወፍራም፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ።

«ጓድ» አለ፣ «ይኼ እኮ አዙሪት ነው።»

«ምንድነው አዙሪት?»

«የበግ በሽታ ነው። አንጎል ውስጥ የትል ፊኛ ይበቅላል፤ ውኃ የቋጠረ። በጉ ፊኛው ወዳለበት በኩል ይዞራል። ይኼ ወደ ግራ ነው የዞረው፤ እንግዲህ ፊኛው በግራ ነው ማለት ነው።»

«ማስረጃ?»

«ጭንቅላት ውስጥ አለ።»

«የማን ጭንቅላት?»

«የበጉ ነዋ ጓድ! የእኔማ ምን አለበት?»

ጓድ ፈለቀ ደረት ኪሱ ላይ ያለውን ብዕር ነካ ነካ አደረገው። «መልካም» አለ። «በጉ ይታረድ። ያልከው ከተገኘ ሽማግሌው ቤቱ ይገባል። ካልተገኘ ግን አንተም መኪናው ላይ ትወጣለህ፤ አብረህ ነው ያሾፍከው።»

ዘውዱ ያላመጠውን ቆሎ በአንዴ ዋጠው። «በግራ በኩል፣ የዶሮ እንቁላል ያህላል» አለ ጮክ ብሎ፣ ሁሉም እንዲሰማ።

ወደ ጎን ሳብ አድርጌ «እርግጠኛ ነህ?» አልኩት።

«አዎ። ማለት፣ አንዳንዴ ሌላም ነገር ያዞራል። የጆሮ ሕመም፣ አፍንጫ ውስጥ የሚገባ ትል…»

«ታዲያ ምነው እንደዚያ በድፍረት ተናገርክ?»

«ከሁሉ በላይ የሳቅኩት እኔ ነኝ» አለ። «ለሳቄ ምክንያት መስጠት ነበረብኝ።»

አምስት ሰዓት ገደማ ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። አየልኝ ቢላውን ሊስል ስለሄደ በር ላይ የቆመው ሌላ ሰው አልከለከለኝም። መጋዘኑ በእንጨት ርብራብ የታጠረ ነው፤ በቀዳዳው በኩል የአያ ማረው ጢምና አንድ ዓይናቸው ይታያል።

«አያ ማረው፣ ለበጉ ያጠጡት ነገር አለ?»

«ልጄ፣ ውኃ ነው አልኩ እኮ። ምነው ውኃ ሲባል ሰው ይስቃል?»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

ዓይናቸው ከቀዳዳው ጠፋና ተመለሰ።

«ሁለት በግ አለኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ትልቁ ይኼ ነው። ትንሹ ግን ሸጋ ነው ልጄ፣ ላቱ ሲሄድ የሚወዛወዝ። ዕጣው የወጣብኝ ለታ እታገኘሁ፣ ሚስቴ፣ ‹ሸጋውን ስጥ፤ የእንግዳ ነው› አለች። እኔ ደግሞ… ዳለቻው ከመስቀል ወዲህ ዞር ዞር ማለት ጀምሮት ነበር። በየቀኑ አይደለም። አንዳንድ ቀን ቀጥ ብሎ ይውላል። እና ለአንድ ቀን፣ ለዛሬ ብቻ፣ ቀጥ ብሎ ቢውልልኝ ብዬ። ወዲያው ይታረዳል፤ የታረደ በግ አይዞር!»

ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ። በጉ መታመሙን ያውቃሉ። መድኃኒት አላጠጡም፤ አሻጥርም አልሠሩም፤ የሠሩት ሥራ የዓለም ገበሬ ሁሉ ለመንግሥት እንግዳ የሚሠራውን ነው። ነገር ግን ጓድ ፈለቀ «አውቀህ የታመመ በግ ሰጠኸኝ?» ብሎ ከጠየቃቸውና «አዎ» ካሉ፣ ፊኛው ተገኘም አልተገኘም መኪናው አይቀርላቸውም።

«ልጄ፣ ይኼንን ትጽፊዋለሽ?»

«አላውቅም» አልኳቸው። እውነቱ እሱ ነበር።

ስድስት ሰዓት ላይ በጉ ሊታረድ ቀረበ። በማግስቱ የነቢያት ጾም ቅበላ ስለነበረ የእርዱን ነገር ሰው አልጠላውም፤ ማሰሮና ትሪ ይዞ የመጣ ሁሉ ነበር። አየልኝ በአካባቢው የታወቀ አራጅ ነው።

«ራሱን አደራ» አለው ዘውዱ። «ምንም እንዳይነካው። ራሱን!»

«አንተ መርፌህን ያዝ» አለ አየልኝ። «በግ ማረድ የማስተምርህ እኔ ነኝ።»

ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዞረ፣ ከንፈሩ በጥቂቱ ተንቀሳቀሰ (ጓድ ፈለቀ ያን ጊዜ ሰማዩን ነበር የሚያየው)፣ ባረከና አረደ። ራሱን ቆረጠ። ያኔ ነው እጁ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያደርግ የኖረውን ነገር ያደረገው። ማንንም ሳያይ፣ ዞርም ሳይል፣ ራሱን በትከሻው ላይ ወደ ኋላ ወረወረው። እዚያ አገር የበግ ራስ የውሻ ነው። አራጅ ራስ ሲቆርጥ ውሻ ከኋላው ተቀምጦ ይጠብቃል፤ አራጁም ሳያይ ይወረውራል።

የወረወረው ራስ መሬት አልደረሰም። አንድ ጥቁር ውሻ አየር ላይ ተቀብሎት ሄደ።

አየልኝ የገዛ እጁን አየው፤ ሰው ሲሰርቅ የያዘው ይመስል።

«ራሱን!» ብሎ ጮኸ ዘውዱ። ሁላችንም ተነሥተን ሮጥን።

የሮጡትን ሰዎች ዝርዝር ይዣለሁ፦ ዘውዱ ቦርሳውን እንዳነገበ፣ ጓድ ፈለቀ ብዕሩን በእጁ እንደያዘ፣ አየልኝ ጠመንጃውን፣ እኔ አንድ ጫማዬን፤ ሌላው ጭቃ ውስጥ ቀርቷል። ከኋላችን የዕለቱ ተመራቂዎች። ውሻው በመድረኩ ዙሪያ ወሰደን። አንድ ጊዜ ዞርን። ሁለተኛ ስንጀምር ዘውዱ እየሮጠ ሳቀብኝ፤ ምን እንዳሳቀው የገባኝ በኋላ ነው። ወደ ግራ ነበር የምንዞረው።

አየልኝ ቆሞ አነጣጠረ።

«አትተኩስ!» አለ ዘውዱ። «ራሱን ትመታዋለህ!»

«የውሻውን ነው የምመታ!»

«እኔ የበጉን ነው የምልህ!»

ውሻው ሜዳውን ጥሎ ወጣና ገደል አፋፍ ላይ ካለ ቋጥኝ ደረሰ። እዚያ ተጋደመ፣ የበጉን ራስ በሁለት እግሮቹ መካከል አደረገ፣ ግራ ጆሮውን መብላት ጀመረ። አንድ እርምጃ ስንጠጋው ራሱን በጥርሱ አንሥቶ ወደ ገደሉ ያፈገፍጋል። ወደ ታች የሚያበቃበት አይታይም። ራሱ ከዚያ ከወደቀ ማስረጃው ከእሱ ጋር ወደቀ፤ አያ ማረውና ዘውዱም ጎንደር ገቡ ማለት ነው።

ጓድ ፈለቀ እየቃተተ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ውሻው የማነው?» አለ።

አንዲት አሮጊት «የአያ ማረው ነው ጓድ» አለች። «አይታክት ነው ስሙ።»

ጓድ ፈለቀ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «በጉ የሱ፣ ውሻው የሱ…»

ከመጋዘኑ በኩል ጩኸት መጣ። አያ ማረው በርብራቡ ቀዳዳ ሁሉን ሲያዩ ነበር። «ፍቱኝ! ከእኔ በቀር ማንንም አይሰማ! ፍቱኝና ላምጣላችሁ!»

«ይኼ የማምለጫ ዘዴ ነው» አለ ጓድ ፈለቀ።

«ጓድ ፈለቀ» አልኩት፣ «ሰባት ሰዓት ከሩብ ነው። ግራው ጆሮ አልቋል። ፊኛው አለ የተባለው በግራ በኩል ነው።»

ተመለከተኝ። ከዚያ ለአየልኝ ራሱን ነቀነቀለት።

አያ ማረውን አመጧቸው፤ አየልኝ የጋቢያቸውን ጫፍ ይዟል። እኛ ሁላችን «ና! ና! እንካ!» እያልን ስንጮህ ነበር። እሳቸው ምንም አላሉም። ከውሻው ሃያ እርምጃ ያህል ሲቀራቸው ጀርባቸውን ለውሻው ሰጥተው ቁጭ አሉ። ከጋቢያቸው ውስጥ የደረቀ ዳቦ አወጡና ቆርሰው ማላመጥ ጀመሩ።

«እንግዲህ እኔም ብቻዬን እበላለሁ» አሉ ለራሳቸው። «ጓደኛ ያለ መስሎኝ ነበር። ለካ የለም።»

ውሻው መብላቱን አቆመ። ጆሮውን ቀጥ አደረገ። አያ ማረው ሌላ ቁራሽ ቆረሱ። ውሻው የበጉን ራስ በጥርሱ አንጠልጥሎ፣ ጅራቱን እያወዛወዘ መጣና ጭናቸው ላይ አስቀመጠው። ቁራሹን ተቀበለ። ዘውዱ ዘሎ ራሱን አነሣ። ሴቶቹ እልል አሉ። በአብዮት በዓል ላይ ያን ያህል የልብ እልልታ ሰምቼ አላውቅም።

ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀመጥነው። ዘውዱ በአውራ ጣቱ የራስ ቅሉን በግራ በኩል፣ ከቀንዱ ኋላ፣ ተጫነው። ፊቱ ላይ የነበረው ፍርሃት ሲለቀው አየሁ።

«እዚህ ጋ አጥንቱ ሳስቷል። ጓድ፣ ይንኩት።»

ጓድ ፈለቀ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። እኔ ነካሁት። እንደ ሕፃን ልጅ እርግብግቢት ገባ ወጣ ይላል። በቀኝ በኩልም ነካሁ፤ ድንጋይ ነው። ሁለቱንም ጻፍኩ።

ዘውዱ መጥረቢያ ተቀብሎ በጥንቃቄ፣ ለውዝ እንደሚፈለፍል ሰው፣ ጠርዝ ጠርዙን መታ። አጥንቱን አነሣ። ከሥሩ ውኃ የሞላ፣ ስስ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ፊኛ ብቅ አለ፤ ዛጎሉ የተላጠለት የዶሮ እንቁላል ይመስላል። በውስጥ ግድግዳው ላይ የነጭ ጤፍ ፍሬ የሚመስሉ ነጠብጣቦች በየክምሩ ተለጥፈዋል።

«እግዚኦ» አለች አሮጊቷ።

«እያንዳንዷ ነጭ ነጥብ የትል ራስ ናት» አለ ዘውዱ። አሁን ድምፁ ሌላ ነው። «በጉ ላይ አታድግም። ውሻ ሲበላት ነው ሆዱ ውስጥ ረጅም ትል የምትሆነው፤ እኛን እንደሚይዘን ኮሶ ያለች። ውሻው ሣር ላይ ይጸዳዳል። በጉ ሣሩን ከእንቁላሉ ጋር ይግጣል። እንቁላሉ ይፈለፈላል፣ ከደም ጋር ይሄዳል፣ አንጎል ይገባል። በጉ ይዞራል። ይታረዳል። ከዚያስ? ራሱን ለማን እንሰጣለን?»

ሁሉም አየልኝን አየ። አየልኝ ቀኝ እጁን ከጀርባው ደበቀ።

«ታዲያ እኛው ነና ስንዘራው የኖርን» አለች አሮጊቷ። «እኛ ኮሶ ሲይዘን ኮሶ እንጠጣለን። ውሻን ማን አስታውሶ!»

«እንግዲህ» አለ ጓድ ፈለቀ ቀስ ብሎ፣ «አሻጥረኛው ውሻው ነው?»

ማሾፉ ይሁን ምሩን እስከ ዛሬ አላውቅም። ግን ፈገግ አለ፤ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ። አይታክት እግሩ ሥር ተቀምጦ ቀና ብሎ ያየው ነበር።

ከእርዱ ቦታ ደግሞ ሰዎች ጉበቱን ለዱለት ሊከትፉ ሲሉ ዘውዱ ሮጦ ሄዶ ጉበቱን ሰነጠቀው። ከሐሞት ቱቦው ውስጥ ቅጠል የመሰሉ ጠፍጣፋ ትሎች ወጡ። «ይኼም አይበላም» አለ።

«ምነው አንተ ሰውዬ!» አለው አንዱ ትሪ የያዘ። «ዛሬ ልታተርፍልን የፈቀድከው ጭራውን ብቻ ነው?»

ሳቁ ተመለሰ፤ አሁን ጓድ ፈለቀም አብሮ ሳቀ። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። አላለቀም። ሳቁ ሲበርድ ወደ አያ ማረው ዞረ።

«አንድ ጥያቄ አለኝ። በሽታ መሆኑ ተረጋግጧል። አንተ ግን መታመሙን ታውቅ ነበር?»

አያ ማረው ዱላቸውን አዩ። ሚስታቸው እታገኘሁ ከሴቶቹ መካከል አንድ እርምጃ ወጣች፤ ከጧት ጀምሮ የያዘችውን ነገር መያዝ አልቻለችም።

«እኔማ ነግሬው ነበር…!»

አያ ማረው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ምን ብለሽ?» አለ ጓድ ፈለቀ።

እታገኘሁ ዞር አለች። ባሏን አየች። ድንጋዩ ላይ ያለውን ራስ አየች። «ውሻውን እሰር ብዬ» አለች።

ጓድ ፈለቀ አልተዋጠለትም። ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ መጋዘኑ ጋ አነጋግረሽዋል። ምን አለሽ?»

ደብተሬን ገለጥኩ። አንድም የሐሰት ቃል ሳልናገር መመለስ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ አባቴ ከማይክሮስኮፑ ኋላ የቆመ ይመስለኝ ነበር። ዓይኔን ከደብተሩ ሳላነሣ አነበብኩ።

«ከውኃ በቀር ምንም አላጠጣሁም አሉ። ሁለት በግ አለኝ አሉ። ትልቁን ነው ያመጣሁት አሉ።»

«ትልቁን?»

«ትልቁን።»

ጓድ ፈለቀ አየኝ። ከዚያ ብዕሩን ደረት ኪሱ መለሰ። «ቤትህ ግባ» አላቸው አያ ማረውን። ስምንት ሰዓት ከሃያ ነበር። አየልኝ የጋቢውን ጫፍ ለቀቀ፤ ከጧት ጀምሮ የያዘው ነገር ሁሉ ከእጁ ሲያመልጥ የዋለ ሰው፣ ያንን ግን ወዶ ለቀቀው።

ዘውዱ ክኒን በዳቦ ጠቅልሎ ለአይታክት አጎረሰው፣ ለሌሎቹም ውሾች። የበጉን ራስ ጉድጓድ ቆፍሮ የቀበረው አየልኝ ነው፤ ድንጋይ ጫነበት፣ ከዚያ ሌላ ድንጋይ፣ ከዚያ ሌላ። «ይበቃል» ሲሉት አልሰማም።

ወደ ጎንደር የላክሁት ዜና አራት መስመር ነበር። ገበሬዎች የምስክር ወረቀት መቀበላቸውንና ስለ በግ አዙሪት በሽታ ትምህርት መሰጠቱን ይላል። «አሻጥር» የሚለውን ቃል ደብተሬ ላይ ሰርዤዋለሁ፤ ከሥሩ ግን ይነበባል፣ እንዲነበብም ትቼዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚህ ሙያ ቆይቻለሁ። ባልደረቦቼ ያላየችውን አትጽፍም ይሉኛል፤ እውነት ነው፣ የጀመርኩትም ያን ቀን ነው። ያን ቃል የጻፍኩበት እጅ የበጉን ራስ ወደ ኋላ ከወረወረው እጅ በምን ይለያል? ሁለታችንም ሳናይ ነው የወረወርነው። ከዚያ ወዲህ ቃል ከመወርወሬ በፊት ወደ ኋላዬ ዞር ብዬ ማን እንደተቀመጠ አያለሁ።

ነገር ግን ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ሌላውንም ዕወቁልኝ። ለጓድ ፈለቀ ያነበብኩለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ሁሉ እውነት ነበር፤ ደብተሬ ላይ የነበረው አራተኛው ግን አልተነበበም። አልጸጸትም፤ ደግሜ ብጠየቅ ደግሜ አላነበውም። ግን እውነተኛ ቃላት ብቻ ተደርድረው አንድን ነገር እንዴት እንደሚሸሽጉ የተማርኩት ከራሴ ነው። ስለዚህ አንድ ዘገባ አንብባችሁ ቃሉ ሁሉ ትክክል ከሆነ፣ ትንሹ በግ የት እንዳለ ጠይቁ። እኔ የባልደረቦቼን ጽሑፍ ሳርም ሁልጊዜ የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ለምን እንደሆነ ነግሬያቸው አላውቅም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልንነሣ ስንል እታገኘሁ ከቤቷ በር ላይ ጮኸች። «እንግዳ ባዶ እጁን አይሸኝም!»

«ግዴለም እናቴ» አለ ጓድ ፈለቀ።

«ግድ አለው እንጂ!»

ሁለተኛውን በግ ይዛ ወጣች። አያ ማረው ከኋላዋ መጡ፤ መሬት መሬት እያዩ። ጓድ ፈለቀ ከመኪናው ወርዶ የበጉን ላት በእጁ መዘነው። ደረቱን ዳበሰ። አያ ማረውን አየ። እኔን አየ። ምንም አላለም።

የዚያ ቀን ደብተሬ የመጨረሻ መስመር እንዲህ ይላል፦ «ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር። እታገኘሁ ገመዱን ለቀቀች። ትንሹ በግ ከቤቱ በር እስከ መኪናው ድረስ ቀጥ ብሎ ሄደ።»